ሳልን የሚቀሰቅሱ ነርቮች፦ አለርጂ፣ አስምና የወረርሽኝ ጊዜ ጥንቃቄ

መግቢያ

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ጤፍና ስንዴ የሚወቃባቸው፣ በርበሬ ለዓመት የሚሰናዳባቸው፣ ሌሊቱም የሚቀዘቅዝባቸው ወራት ናቸው። የአውድማው እብቅ፣ የበርበሬው ብናኝ፣ የምድጃው ጢስና የማለዳው ብርድ በአንድ ወቅት ስለሚገጣጠሙ አለርጂና አስም ላለባቸው ሰዎች ይህ ጊዜ ከሌላው ጊዜ ይከብዳል።

የኮቪድ-19 በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳል ሌላ ትርጉም አግኝቷል። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመኪና ውስጥ የሚያስል ሰው የሌሎችን ዓይን ይስባል። ከዚህም የተነሣ ሦስት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንዳንዱ «የለመደብኝ አለርጂ ነው» በማለት የኮቪድ-19 ምልክቶችን ቸል ይላል። አንዳንዱ እንዳይጠረጠር ሳሉን ይደብቃል፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱንም ይተዋል። ሌላው ደግሞ ሳሉን አጠፋለሁ ብሎ በጢስ ይታጠናል፤ የሚያቃጥል እንፋሎትም ይስባል፤ በዚህም ሕመሙን ያብሳል።

ሦስቱንም ስሕተቶች ለማረም ሳል ከየት እንደሚመጣ መረዳት ይጠቅማል። በአለርጂ የተቆጣ የአየር ቧንቧ የሚያስለው በአክታ መብዛት ብቻ አይደለም። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ያሉት የስሜት ነርቮች ራሳቸው የሕመሙ ተካፋዮች ናቸው። ይህ ትምህርት የነርቮቹን ሥራና ከዚያ የሚገኘውን የጥንቃቄ መንገድ ያስረዳል።

1. የአየር ቧንቧ ጠባቂዎች

እጅ የጋለ ምጣድ ሲነካ ሰው ሳያስብ ይሸሻል። ይህን የሚያደርጉት በቆዳ ውስጥ ያሉ የስሜት ነርቮች ናቸው። ተመሳሳይ ነርቮች ከጉሮሮ አንሥቶ እስከ ሳንባ ቅርንጫፎች ድረስ በአየር ቧንቧው ስስ ሽፋን ሥር ተዘርግተው ይገኛሉ። አብዛኞቹ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወደ ደረትና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ቅርንጫፎች ናቸው።

የእነዚህ ነርቮች ተግባር ጥበቃ ነው። ትንታ፣ ብናኝ፣ ጢስ፣ አሲድ ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀትና ብርድ ሲያጋጥማቸው ለአንጎል ያስታውቃሉ። አንጎልም በሁለት መንገድ ይመልሳል። አንደኛው ሳል ነው፤ የገባው ባዕድ ነገር በኃይለኛ ትንፋሽ እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው በዚያው በቬገስ ነርቭ በኩል የሚመለስ ትእዛዝ ነው። በዚህ ትእዛዝ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቀቃል፤ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፤ ዕጢዎችም ልጋግ ያመነጫሉ። ቧንቧው ለአጭር ጊዜ መጥበቡ ጎጂው ነገር ወደ ውስጥ ጠልቆ እንዳይገባ ይረዳል። ችግር የሚመጣው ይህ ሥርዓት ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ ሲነሣ ወይም ተነሥቶ አልበርድ ሲል ነው።

ነርቮቹ አደጋን የሚለዩት በጫፋቸው ላይ ባሉ «ተቀባይ» በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ከእነዚህ መካከል በደንብ የታወቀው በርበሬን የሚለየው ተቀባይ ነው። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. የካፕሳይሲንን ተቀባይ ለይተው አሳወቁ። ይኸው ተቀባይ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በደረሰ ሙቀትም የሚነቃ ሆኖ ተገኘ። አንደበት በርበሬን «አቃጠለኝ» የሚለው ስለዚህ ነው፤ ነርቩ እሳትንና በርበሬን የሚያስታውቀው በአንድ ተቀባይ ነውና። ጁሊየስ ለዚህ ሥራው በ2021 እ.ኤ.አ. የሕክምና የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተቀብሏል።

በርበሬ ሲቆላ ወይም በወፍጮ ቤት ሲፈጭ ጤነኛውም ሰው ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ ያለቅሳል። ይህ አለርጂ አይደለም። የጤነኛ ነርቭ የተፈጥሮ ምላሽ ነው፤ ሰውየው ከስፍራው ሲርቅም ይቆማል። አስም ያለበት ሰው ግን በጥቂቱ ብናኝ ብዙ ያስላል፤ ከስፍራው ከራቀ በኋላም ደረቱ ተጨንቆ፣ ትንፋሹ እያፏጨ ሊቆይ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቀድሞ የነበረው ብግነት ነው።

2. አለርጂ ብግነትን እንዴት ያስነሣል?

አለርጂ ማለት የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ ነው። የአበባ ብናኝ፣ በመኝታና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ነፍሳት፣ የእንስሳት ፀጉርና ፎከት፣ የበረሮ ቅሪት፣ በእርጥብ ጎተራና ገለባ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የተለመዱ አስነሺዎች ናቸው።

እነዚህ ነገሮች ወደ አየር ቧንቧው ሲገቡ ማስት ሴል የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ሂስታሚንንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ቀጥሎ ኢዮሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰባሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽ ወደ ቧንቧው ግድግዳ ይሰርጋል፤ ሽፋኑም ያብጣል፣ ይቀላል። ብግነት የሚባለው ይህ ነው። ቧንቧው በእብጠት፣ በልጋግና በጡንቻ መኮማተር በሦስት በኩል ስለሚጠብ አየር ሲወጣ የፉጨት ድምፅ ይሰማል።

አስም በኢትዮጵያ አዲስ በሽታ አይደለም፤ የከተማ ሰው ብቻም አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ በጅማና በአካባቢዋ የተደረገ ጥናት የትንፋሽ ማፏጨትና አስም በከተማ ነዋሪዎች ላይ ከገጠሩ ይበልጥ መታየቱን፣ ነገር ግን በሁለቱም መኖሩን አሳይቷል።

3. ነርቩና የመከላከያው ሴል እርስ በርስ ሲቀሰቃቀሱ

ቀደም ባለው ጊዜ ነርቩ ሕመምን ተሸክሞ ለአንጎል የሚያደርስ መልእክተኛ ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ከዚህ ይሰፋል። ቀጫጭኖቹ የስሜት ነርቮች ወደ አንጎል መልእክት ሲልኩ፣ በዚያው ቅጽበት በቆሙበት ስፍራ የራሳቸውን ኬሚካሎች ይለቃሉ። ከእነዚህ አንዱ በ1931 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሰብስታንስ ፒ ነው። ይህ ኬሚካል ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽ እንዲሰርግ ያደርጋል፣ ልጋግ ያበዛል፣ ማስት ሴሎችንም ያነቃል። ነርቩ ራሱ የሚያስነሣው ይህ ብግነት «ነርቭ ወለድ ብግነት» ሊባል ይችላል።

በዚህ ጊዜ የማያቋርጥ ዑደት ይፈጠራል። ማስት ሴል ሂስታሚንን ሲረጭ ነርቩ ይነቃል። የነቃው ነርቭ የሚለቀው ኬሚካል ደግሞ ማስት ሴሉን መልሶ ያነቃል። በመካከሉ የነርቩ ጫፍ ቁጡ ይሆናል። ቀደም ሲል በ43 ዲግሪ ብቻ ይነቃ የነበረው ተቀባይ በብግነት ውስጥ ሲቆይ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይነቃል። ስለዚህ ብርድ አየር፣ ሳቅ፣ ሩጫ ወይም ከሩቅ የመጣ የምድጃ ጢስ ብቻውን የሳል ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል።

ይህን የሚደግፉ የምርምር ውጤቶች አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለርጂ በተቀሰቀሰባቸው አይጦች ሳንባ ውስጥ የስሜት ነርቮቹ ለጊዜው እንዲደነዝዙ ሲደረግ የአለርጂው ብግነት መቀነሱን አሳይቷል። ኢዮሲኖፊሎችን የሚያበዛው ኬሚካል ነርቮቹን እንደሚያነቃ፣ ነርቮቹም በምላሹ የመከላከያ ሴሎችን ይበልጥ እንደሚያነሣሡ በዚሁ ጥናት ታውቋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአስም ሕሙማን ቧንቧ በተወሰደ ናሙና ኢዮሲኖፊል በበዛባቸው ሰዎች ላይ የስሜት ነርቮቹ ከጤነኞች ይልቅ በዝተውና ተንሰራፍተው ተገኝተዋል። በእንስሳት ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ በዚያው ልክ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ነርቭና የመከላከያ ሥርዓት በአየር ቧንቧ ውስጥ አብረው እንደሚሠሩ ግልጽ ሆኗል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። የተቆጣውን ነርቭ ደጋግሞ የሚነካ ነገር ሁሉ፣ አለርጂ አስነሺ ባይሆንም እንኳ፣ ብግነቱን ያራዝማል። ስለዚህ ሕመሙ የሚበርደው ብግነቱን በመድኃኒት በማስታገስና ነርቩን የሚነካኩትን ነገሮች በማራቅ፣ በሁለቱም ነው።

4. በወረርሽኝ ጊዜ ነርቮችን የሚጎዱ ልማዶች

ጢስ መታጠን፦ የእንጨትና የኩበት ጢስ ዓይንንና ጉሮሮን የሚቆጠቁጡ ኬሚካሎችን ይይዛል። እነዚህ ኬሚካሎች የነርቮቹን ጫፍ በቀጥታ ይነካሉ። ጢስ የኮቪድ-19 ቫይረስን ከሳንባ አያስወጣም። በ1911 ዓ.ም. (በ1918 እ.ኤ.አ.) የደረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሀገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ይታወሳል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚያ ዘመን መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። አካባቢን ማጽዳቱ የሚመሰገን ነው። ቃጠሎው ግን አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕመም ስለሚያስነሣ፣ ቆሻሻውን በጉድጓድ መቅበር ወይም ለሚያነሣ አካል ማስረከብ ይሻላል።

የሚያቃጥል እንፋሎት መሳብ፦ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ የሚቆጠቁጡት ልክ እንደ ጢሱ የስሜት ነርቮችን በመንካት ነው። በምግብነት መብላታቸው ጉዳት የለውም። ቀቅሎ እንፋሎታቸውን ወደ ሳንባ መሳብ ግን አስም ያለበትን ሰው ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል፤ በተለይም ሕፃናትን የማቃጠል አደጋ አለው።

በረኪናን ያለ ልክ መጠቀም፦ በረኪና የተበከለን ነገር ለማጽዳት ይጠቅማል። ሽታው ግን ነርቮቹን ይነካል። አምስት በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጁ በዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ተበርዞ ይሠራበታል። ከኮምጣጤ፣ ከሌላ የጽዳት አሲድ ወይም ከሽንት ጋር ሲገናኝ መርዛማ አየር ስለሚፈጥር ሊደባለቅ አይገባም። በሰው አካል ላይ መርጨትም ክልክል ነው። በሚጸዳበት ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለበት ሰውም ከቤት ይውጣ።

5. ሳሉ የአለርጂ ነው ወይስ የኮቪድ-19?

በምልክት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። የሚከተሉት ግን ይረዳሉ።

ወደ አለርጂ የሚያመዝኑ፦
— የአፍንጫና የዓይን ማሳከክ፣ ተደጋጋሚ ማስነጠስ፣ ቀጭን ንፍጥ፤
— በየዓመቱ በታወቀ ወቅት ወይም በታወቀ ቦታ መነሣት፤
— ትኩሳት አለመኖር፤
— ከአስነሺው ሲርቁ ወይም የታዘዘ መድኃኒት ሲወስዱ መሻል።

ወደ ኮቪድ-19 የሚያመዝኑ፦
— ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ከባድ ድካም፤
— በድንገት ሽታ ወይም ጣዕም መጥፋት፤
— በሽታው ካለበት ሰው ጋር መገናኘት፤
— ከዚህ በፊት ከለመደው የተለየ ሳል።

አለርጂ ያለበት ሰው በኮቪድ-19 ሊያዝ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ አንዱ መኖሩ ሌላውን አያስቀርም። ቫይረሶች የቧንቧውን ሽፋን ስለሚጎዱ ነርቮቹ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም ሳሉ ለሳምንታት ሊቆይ የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ግን «ነርቭ ነው፣ ያልፋል» ሳይል ለሳንባ ነቀርሳም መመርመር አለበት።

ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ምርመራው እስኪታወቅ ጭምብል ያደርጋል፣ ከሌሎች ይለያል፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያሳውቃል ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይጠይቃል። የሚያስልን ሰው ማግለልና ማሳፈር በሽታውን እንዲደብቅ ስለሚያደርገው መላውን ማኅበረሰብ ይጎዳል።

6. በቤት፣ በአውድማና በገበያ የሚደረግ ጥንቃቄ

በአውድማ፦ አስም ያለበት ሰው ምርት በሚዘራበት ጊዜ ነፋሱ ከጀርባው እንዲመጣ ሆኖ ይቁም። ከተቻለ ከእብቁ ርቆ ሌላ ሥራ ይያዝ። አፍንጫና አፍን በጭምብል ወይም ሁለት ጊዜ በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ብናኙን ይቀንሳል፤ የሚተነፈሰውን አየርም ያሞቃል። ለኮቪድ-19 የሚደረገው ጭምብል በዚህ ረገድ ሁለት ጥቅም አለው። ከሥራ በኋላ ልብስ መቀየርና ፊትን መታጠብ ያስፈልጋል።

በማድ ቤት፦ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ከመኝታው ቢለይ፣ ጢስ መውጫና መስኮት ቢኖረው፣ እንጨቱም የደረቀ ቢሆን ጢሱ ይቀንሳል። የተሻሻለ ምድጃ መጠቀምም ይረዳል። ሕፃንን አዝሎ ጢስ ውስጥ መጋገር የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳል። በርበሬ የሚቆላውና የሚወቀጠው አስም ያለበት ሰው በሌለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይሁን።

በመኝታ ቤት፦ አንሶላና ብርድ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጡ። ቁርበትና ምንጣፍ ከቤት ውጭ ይራገፍ። ከብቶችና ዶሮዎች ከሰው መኝታ ይለዩ። ወለል ሲጠረግ አስቀድሞ ውኃ ይረጭ።

ሲጋራ፦ በቤት ውስጥ ማንም ሰው አያጭስ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ነርቩ ሳይቆጣ መጠንቀቅ ከተቆጣ በኋላ ከማብረድ ይቀልላል።

7. የመድኃኒት አጠቃቀም

የአስም መድኃኒቶች ተግባር ከላይ ከተገለጸው ዑደት ጋር ይዛመዳል። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ብግነቱን ግን አያጠፋም። ቤክሎሜታዞንና መሰሎቹ በአፍ የሚሳቡ ስቴሮይዶች ብግነቱን ያበርዳሉ፤ ፈጥነው አይታወቁም፤ በየቀኑ መወሰድ አለባቸው። አይፕራትሮፒየም በቬገስ ነርቭ በኩል የሚመለሰውን የመኮማተር ትእዛዝ ያግዳል።

በወረርሽኙ ወቅት «ስቴሮይድ ሰውነትን ያዳክማል» በሚል ፍርሃት መድኃኒቱን ያቋረጡ ሰዎች ለአደጋ ይጋለጣሉ። በሐኪም የታዘዘ የሚሳብ ስቴሮይድ በኮቪድ-19 ምክንያት አይቋረጥም። በሚገባ የተያዘ ቀላልና መካከለኛ አስም በኮቪድ-19 የመሞትን አደጋ እንደሚጨምር አልታየም። አደጋው የሚያይለው በቅርቡ በአፍ የሚዋጥ ስቴሮይድ እስከመውሰድ በደረሰ ያልተያዘ አስም ላይ ነው።

የሚሳበውን መድኃኒት በቀጥታ ወደ አፍ ከመንፋት ይልቅ በመካከል አየር መያዣ መጠቀም መድኃኒቱ ወደ ሳንባ እንዲደርስ ይረዳል። መያዣው ከሌለ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሥሩ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተቀዶ ሊያገለግል ይችላል፤ አሠራሩን የጤና ባለሙያ ያሳያል። ስቴሮይድ ከተሳበ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ይገባል። መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ማዋስ በሽታ ስለሚያስተላልፍ ክልክል ነው።

በኢትዮጵያ ከመጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የኮቪድ-19 ክትባት አስም ወይም የአቧራና የአበባ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች መውሰድ ይችላሉ። ከዚህ በፊት በክትባት ወይም በመርፌ መድኃኒት ምክንያት ራሱን የሳተ ወይም ፊቱና ጉሮሮው ያበጠ ሰው ግን ለክትባት ሰጪው አስቀድሞ መናገር አለበት።

8. ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

— በትንፋሽ ማጠር ምክንያት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለመቻል፤
— የከንፈር ወይም የጥፍር መጥቆር፤
— ሲተነፍሱ የጎድን አጥንት መካከል ወደ ውስጥ መሰርጎድ፤
— የታዘዘው ሳልቡታሞል ተወስዶ አለመሻል ወይም ቶሎ መመለስ፤
— መፍዘዝ፣ መደናገር፣ የሕፃን ጡት መተው።

እነዚህ ሲታዩ በሽተኛው ተደግፎ ይቀመጥ፣ ልብሱ ይላላ፣ ሳልቡታሞሉ እንደታዘዘው ይሰጠው፣ አምቡላንስ ይጠራ። ፉጨቱ በድንገት ጠፍቶ በሽተኛው ከደከመ ተሻለው ማለት አይደለም፤ አየር መግባቱ እያቆመ ሊሆን ስለሚችል ፍጥነት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

የአየር ቧንቧ ነርቮች የሰውነት ጠባቂዎች ናቸው። አለርጂ ሲያስቆጣቸው ግን ከመከላከያ ሴሎች ጋር እየተቀሰቃቀሱ ብግነትን ያራዝማሉ። ጢስ፣ የበርበሬ ብናኝ፣ የአውድማ እብቅና የበረኪና ሽታ በዚህ ላይ ሲጨመሩ ሕመሙ ይጸናል። ሕሙማን አስነሺዎችን በማራቅ፣ መድኃኒታቸውን ባለማቋረጥና አዲስ ምልክት ሲያዩ በመመርመር ራሳቸውንም ሌሎችንም ይጠብቃሉ። ቤተሰብና ጎረቤት ደግሞ የሚያስለውን ሰው ባለማሳፈርና በጊዜ ወደ ሕክምና በማድረስ ይረዳሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በርበሬ ሲቆላ ጤነኛ ሰውም አስም ያለበት ሰውም ያስላሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. በጢስ መታጠን የአለርጂ ሳልን ለምን ያብሳል?
3. በቤታችሁና በአውድማችሁ ነርቮችን የሚያስቆጡ ምን ምን ነገሮች አሉ? ከእነዚህ በዚህ ሳምንት ሊወገድ የሚችለው የትኛው ነው?
4. ጎረቤታችሁ ሳሉን ከደበቀ፣ ሳታሳፍሩት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንዴት ትረዱታላችሁ?